ለጎጃም እናት ትምህርት፣ ለእኔ ፎልደር

«የጎጃም እናቶችን እናስተምር» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ትምህርት ጠልቼ አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ ልጅ ወልጄ፣ ማን መጥቶ ምን እንዳስተማረኝ ስለማውቅ ነው።

ሰሞኑን የአገራችን ልጆች ለእናቶች ጤና ገንዘብ ልናሰባስብ ነው ብለው ጠሩን። ሄድኩ። ዶሮ ወጡ አይነገርም። እጃችንን እንደታጠብን መብራት ጠፋና ስላይድ በራ። ነጠላዋን ያጣፋች የገጠር እናት ፎቶ፣ ከሥሩ «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ጽሑፍ። አቅራቢው ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ አገሩን ከለቀቀ ዘመን ያስቆጠረ ሰው ነው። ለሕፃን ቅቤ ስለምታልስ፣ እንገሩን ስለምታፈስ፣ እቤቷ ስለምትወልድ እናት ሲያብራራልን አመሸ። እያወራ ያለው ጥሏት ስለመጣት እናት ነው። እሷ ግን እሱ በሄደበት ቆማ አልጠበቀችውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በደመወዝ ተመደቡ። በአገር ደረጃ ከ30,000 በላይ ሆኑ። ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ ከተቡ፣ የወሊድ መከላከያ መርፌና ክኒን ሰጡ። ኋላ ደግሞ የሴቶች ልማት ቡድን መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ። ሞዴል ቤተሰብ ተብሎ ምስክር ወረቀት የተቀበለ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ነፍሰ ጡሮቹም ተሰብስበው ቡና እየጠጡ ከአዋላጇ ጋር ይመካከራሉ።

ውጤቱም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 በተደረገው ጥናት በአገራችን ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የሚፈጸመው 5 ያህል ብቻ ነበር። በ2019 ወደ 48 ደረሰ። በዚያው በ2000ው ጥናት በ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት 412 ሆነ። ዛሬም ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። ለውጡን ያመጣው ትምህርቱ ብቻ ነውም አልልም። ጤና ጣቢያዎቹ ራሳቸው መማር ነበረባቸው። እናቶቹ «አልጋው ይቀዘቅዛል፣ ዘመድ አይገባም፣ ገንፎ የለም» ሲሉ ሰሚ ያገኙት ቆይቶ ነው። አሁን በብዙ ጤና ጣቢያ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ያኔ ማን ማንን አስተማረ?

ወደ እኔ ልምጣ። በአሜሪካ በ1996 የወጣ ሕግ አለ። ኢንሹራንሶች ለመደበኛ ወሊድ የሆስፒታል ቆይታን ከ48 ሰዓት በታች እንዳይገድቡ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ለእናት ተቆርቁረው ያወጡት ሕግ ነው! ሁለት ቀን። ከዚያ አንድ ወፍራም ፎልደር ያስታቅፉሻል። የሕፃን አተኛኘት፣ ጡት ማጥባት፣ የስልክ ቁጥር፣ ማስታወቂያ፣ የዳይፐር ኩፖን። ነርሷ የልጁን የመኪና ወንበር አጥብቃ ጠየቀችኝ። አጥሚት የሚያሞቅልሽ ሰው አለ ወይ ብላ ግን አልጠየቀችኝም። አልነበረም። እናቴ ልታርሰኝ ልትመጣ ቪዛ ሳታገኝ ቀረች። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው፤ ቤት ቢውል ማን ይከፍለዋል? በፌደራል ደረጃ ያለው የ1993ቱ የፈቃድ ሕግ ራሱ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፣ ያውም ለሚመለከተው ሠራተኛ።

የእኔ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ በሬን ያንኳኳ የጤና ባለሙያ የለም። የሕክምናው ክፍያ ቢል ግን ቤቴን አልሳተም። እዚህ አገር አራስ የሚጠይቀው መጀመሪያ ቢል ነው። የሆስፒታሉ ለብቻው፣ የማደንዘዣው ለብቻው፣ የሕፃኑ ለብቻው። ልጄ ገና ክርስትና ሳይነሳ በስሙ ዕዳ መጣለት። ስደውል «ኢንሹራንስሽን ጠይቂ» ይላሉ፤ ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል «ሆስፒታሉን ጠይቂ»። ይሄ ጉዳይ እስካሁን አልተዘጋም፤ ስለሱ ከጀመርኩ አላቆምምና ልለፈው።

ታዲያ ከወለድኩ በኋላ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ፎልደሩ ላይ ያለው ስልክ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው»። እንደገና ሙዚቃ። በመሃል ጎጃም ውስጥ ከብቸና ወጣ ብሎ የምትኖረው የእህቴ ልጅ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትል ደወለች። እሷም ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ራሴን አመመኝ ስላት ድምፅዋ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ዓይንሽንስ ብዥ ይልሻል?»

«አዎ፣ ትንሽ።»

«እጅሽ፣ ፊትሽ አብጧል?»

«ምነው?»

«ኤክስቴንሽኗ ነግራናለች። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ እብጠት፤ እነዚህ የአደጋ ምልክት ናቸው። ከወለድሽ በኋላም ይመጣል ብላናለች። አሁኑኑ ሂጂ!»

ሄድኩ። ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል። እዚያው አስተኙኝ። እንግዲህ «ግንዛቤ የላትም» የተባለችው የጎጃም እናት ናት ከሜሪላንድ አራስ ቤት ያስነሳችኝ። በዚህች አገር በ2021 በ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች 33 ያህል እናቶች ሞተዋል፤ በጥቁር እናቶች ሲሆን 70 ያህል። ከእኛ ቁጥር ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ ሁሉ ሀብትና ማሽን ጋር ምነው በር የምታንኳኳ አንዲት ሴት ጠፋች? አንዳንድ አካባቢ ቤት ድረስ ነርስ የሚልክ ፕሮግራም አለ ይባላል። እኔ ጋ አልደረሰም።

አሁን የእህቴን ልጅ ምጥ ስሙ። ክትትሏን አላጓደለችም። የአይረን ክኒኗን ውጣለች። የት እንደምትወልድ ወስናለች፣ ባሏም ተስማምቷል። ምጡ በክረምት፣ በሌሊት መጣ። አምቡላንስ ሲጠሩ «ነዳጅ የለም» ተባሉ። የዋልካው ጭቃ ጉልበት ድረስ ይውጣል። የመንደሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጧት። ደግነቱ ማርያም ማረቻት፤ ወንድ ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ኤክስቴንሽኗ ጭቃውን እየረገጠች ቤቷ ድረስ መጥታ ጠየቀቻት።

ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች የሚሉት ነገር አለ። ለመሄድ መወሰን፣ ጤና ተቋም መድረስ፣ ደርሶ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት። ትምህርት በዋናነት የሚነካው የመጀመሪያውን ነው። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን በልጣ አልፋዋለች። የቀረው የመንገድ፣ የነዳጅ፣ የደም፣ የመድኃኒት ነው። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ፤ መንገዱ ሲዘጋ ለምጥ ተብሎ አይከፈትም። ይሄን በየትኛው ስላይድ ነው የምታስተምሯት?

ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ይሄንኑ አልኩ። ገንዘቡ ለአምቡላንስ ነዳጅ፣ ለእናቶች ማቆያው ማገዶና ብርድ ልብስ ይሁን አልኩ። ማቆያው ቢሟላ ሩቅ ያለችው ቀኗ ሳይደርስ ገብታ ትጠብቃለች፤ በሌሊት ቃሬዛ አያስፈልጋትም። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «ነዳጅ ዘላቂ አይደለም፣ ስልጠና ግን ዘላቂ ነው» አለኝ። ስልጠናውን የሚሰጡት ከዚህ በአውሮፕላን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የአውሮፕላኑስ ነዳጅ ዘላቂ ነው? ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። በኋላ «ለጋሾች ፎቶ ይፈልጋሉ» ብሎ በጎን አስረዳኝ። እውነቱን ነው መሰለኝ፤ የተሞላ ነዳጅ ታንከር አጠገብ ቆሞ ፎቶ መነሳት ብዙም አያምርም።

ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። እኔ የነዳጁን ነገር ደግሜ አነሳለሁ። እጅ የሚያወጣልኝ ካለ ይምጣ፤ ዶሮ ወጡ እንደሁ አይቀርም።