የእስክሪብቶ ካርቶንና የልጆች ደብዳቤ

ውጭ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን የተማሪዎች «የባህል ልውውጥ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ካርቶን ነው፤ እስክሪብቶ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ጃኬት። መርዳቱ ነውር የለውም፤ የሚያስተዛዝበው ልውውጥ ብሎ መጥራቱ ነው። ልጆቹ ሰጪና ተቀባይ ሆነው ከተዋወቁ ከአገር ቤት የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በ«እናመሰግናለን» ጀምሮ በ«እናመሰግናለን» ያልቃል።

በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉት ፈረንሳይና ጀርመን ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዙት። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት አደናወር በጥር 1963 እ.ኤ.አ. የኤሊዜን የወዳጅነት ስምምነት ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የጋራ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በጀቱን ሁለቱ መንግሥታት እኩል ያዋጣሉ። እስከ ዛሬ ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች አልፈውበታል። በተማሪዎች ልውውጥ ጀርመናዊው ልጅ ፈረንሳይ ሄዶ ጓደኛው ቤት ያድራል፣ ከቤተሰቡ ጋር ራት ይበላል፣ አብሮት ክፍል ይገባል። ከዚያ ፈረንሳዊው በተራው ይመጣል። ቁም ነገሩ ይህ የመልስ ጉዞ ነው፤ ትናንት እንግዳ የነበረው ዛሬ አስተናጋጅ ይሆናል።

ለአገር ቤት ልጆች ቪዛውም ትኬቱም የማይቀመስ ስለሆነ የሚቀረው ደብዳቤና ቪዲዮ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ሥራውን የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አዲስ አበባ ከጀርመኗ ላይፕሲግ ጋር ከ2004፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እህት ከተማ ናት። ከላይፕሲግ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት በክረምታቸው 2፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ስለሆነ በቀጥታ መነጋገር ይቻላል። ዋሽንግተን ግን በክረምቷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ 10 ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ወደ ቤት ሄደዋል። ለዚህ የሚሻለው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም መላክ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም ሲመጣ ይከፈታል።

ቀጠሮ ሲያዝ «3 ሰዓት» ብቻ አይጻፍ፤ የፈረንጁ አቆጣጠር ከጎኑ ይግባ። ቀኑ ከዚህ ይብሳል። አገር ቤት ያለ መምህር 5/1/2017 ብሎ ሲጽፍ መስከረም 5 ማለቱ ነው፤ አሜሪካ ያለው ሜይ 1፣ ጀርመን ያለው ጃንዋሪ 5 ብሎ ያነበዋል፤ ያውም ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን! በ2006 የተወለደ ልጅም ዓ.ም. ካልተባለለት እኩያው ጋር መመደቡ ቀርቶ ከጎረምሶች ጋር ይጣመራል። የልጆች ፎቶ ደግሞ ያለ ወላጅ ፊርማ አይላክ፤ አውሮፓ ውስጥ በዚህ ቀልድ የለም።

«ስለ ባህላችሁ ጻፉ» ከተባለ ሁሉም ቡናና እንጀራ ይጽፋል። ይልቅ አንድ ጨዋታ ይሰጣቸው፤ ሰኞ ማክሰኞ ለምሳሌ። ላይፕሲግ ያሉት ሳያዩት፣ ጽሑፉን ብቻ አንብበው እንዲጫወቱ ሆኖ ይጻፍ። ጸሐፊዋ «ከዚያ ትዘያለሽ» ትላለች፤ በአንድ እግር መሆኑን ትረሳዋለች። እነዚያ በሁለት እግራቸው ሲዘሉ ቀርጸው ይልካሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ የእርማት ደብዳቤ ይጻፋል። ከምስጋና ውጭ የሆነው የመጀመሪያው ደብዳቤ ያ ነው። በቀጣዩ ወር ጀርመኖቹ የራሳቸውን ጨዋታ ይልካሉ፤ ተራው የእነሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ዝም ብሎ አይታለፍም። ፈረንሳይና ጀርመን ልጆቻቸውን የላኩት ወደ ተዋጉት ጎረቤት ነው። እኛ ስለ ሰላም እያወራን የምናገናኘው ተዋግተን ከማናውቀው ከላይፕሲግ ጋር ነው። መቀሌና ጎንደር፣ ነቀምትና ደሴ ያሉ ክፍሎች ሰዓታቸው አንድ፣ ዘመን አቆጣጠራቸው አንድ፣ ቪዛ የለ። ለካርቶኑ ማጓጓዣ ከሚወጣው ገንዘብ ትንሹ ለአስተርጓሚ ቢከፈል እያንዳንዱ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጽፋል፤ ትርጉሙ ከሥር ይያያዛል፤ ሰኞ ማክሰኞን ነቀምት ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩትም የደሴው ልጅ ያውቃል።