ጄሉን ያላየውን አናስመስክረው

በካንሰር ምርምር ውስጥ ስማቸው ከማይጠፋ ፕሮቲኖች አንዱ ፒ53 ነው። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ላይ ጂኑ ተበላሽቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ጄል (ሞለኪውሎች በኮረንቲ እየተሳቡ የሚለያዩበት የረጋ ንጣፍ) ላይ የቆመበት ቦታ ክብደቱን 53 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) አስመሰለው፤ ስሙም በዚያው ወጣ። ቆይቶ የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ሲታወቅና ክብደታቸው ሲደመር ግን 44 እንኳ አልሞላም። ለካ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ የሚበዛበት ክፍል ስላለው ጄል ውስጥ ሲጓዝ ይጎተታል፤ በክብደት ከሚስተካከሉት ኋላ ይቀራል። ስህተቱ ታወቀ፤ ስሙ ግን እንደያዘ ቀረ።

ይህን የማነሳው ያገኙትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ በእጃቸው ባለው መሣሪያ ያዩትን ጽፈዋል። የምወቅሰው የዛሬውን ልማዳችንን ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ «ባንዱ 3 ሺህ ላይ ወጥቷል፣ የእኛው ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል፤ ባንድ የሚሉት ጄሉ ላይ የሚታየውን መስመር ነው፣ 3 ሺህ የሚሉት ደግሞ የዲኤንኤውን ርዝመት በቤዝ ጥንድ፣ ማለትም በዲኤንኤ ፊደል ጥንዶች ቆጥረው። ጄል ርዝመት አይለካም፤ ክብደት አይመዝንም፤ ማንነትማ ጭራሽ አያውቅም። የሚነግረን ይህ ሞለኪውል በዚህ ጄል፣ በዚህ ባፈር (ጄሉ የሚነከርበት ጨዋማ ፈሳሽ)፣ በዚህ ቮልቴጅ፣ በዚህን ያህል ሰዓት እዚህ ድረስ መጓዙን ብቻ ነው። የቀረው የእኛ ትርጓሜ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከማስተማሪያው ይመስለኛል። «ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ይሄዳል» የሚለውን ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። እውነት ነው፤ ግን ይህ መጓዙን እንጂ መለያየቱን አያስረዳም። ዲኤንኤ በእያንዳንዱ ፎስፌት ላይ ቻርጅ ተሸክሟል። በረዘመ ቁጥር ኮረንቲው የሚስብበት ኃይል ይጨምራል፤ ውሃው ወደኋላ የሚይዝበት ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። አንዳንድ ሸክም የያዙ አሥር ሰዎች አንድ ሸክም ከያዘ አንድ ሰው አይፈጥኑም፣ አይዘገዩምም። ስለዚህ ባዶ ባፈር ውስጥ ባለ 500ውም ባለ 5 ሺውም ቤዝ ጥንድ እኩል ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት ይነጉዳሉ። ኮረንቲው ብቻውን አይለያቸውም።

የሚለያቸው መንገዱ ነው። አጋሮዝ ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣ ስኳር ነክ ነገር ነው፤ ባፈር ውስጥ ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሆናሉ። አጭሩ ዲኤንኤ በቀዳዳዎቹ ሹልክ ይላል። ረጅሙ እየተጠማዘዘ እንደ እባብ ራሱን አስቀድሞ መሹለክ አለበት። አጋሮዙን ከ1 ወደ 2 በመቶ ብናሳድገው መረቡ ይጠብና ያው ዲኤንኤ ሌላ ቦታ ይቆማል። ከጎን የምናስኬደው ላደር (ርዝመታቸው የታወቀ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ድብልቅ) ባይኖር ኖሮ ቦታው ምንም ትርጉም አይኖረውም ነበር። ላደሩም ቢሆን በሁለት እጥፍ የረዘመውን በግማሽ መንገድ አያቆምልንም፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጠው የርዝመቱ ሎጋሪዝም ነው፤ ያውም በመካከለኛው ክልል ብቻ። ወደ ላይ ስንወጣ መሰላሉ እርከኑ ይጠጋጋና አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቤዝ ጥንድ ካለፍን በኋላ እባቦቹ ሁሉ ወደ ኮረንቲው አቅጣጫ ተዘርግተው አብረው ይጓዛሉ። ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ለመቸኮል የሚሞክር ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ ጄሉን አሙቆ ባንዶቹን ማጉበጡ ሳይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1984 ዴቪድ ሽዋርትዝና ቻርልስ ካንተር የኮረንቲውን አቅጣጫ እየቀያየሩ የእርሾን ክሮሞዞሞች መለየታቸውን ያሳተሙት ይህን ተረድተው ነው። ረጅም እባብ ለመዞር ጊዜ ይወስድበታል። መለያው ርዝመቱ ሳይሆን ለመዞር የወሰደበት ጊዜ ሆነ ማለት ነው፤ ለእኔ በዚህ ዘዴ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ የለም።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ፕላዝሚድ (ከባክቴሪያ የሚወጣ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) አጥርቼ ሳልቆርጠው ጄል ላይ አስኬድኩት። ሦስት ባንድ ወጣ። ናሙናዬ ተበክሏል ብዬ ደፋሁትና እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም ሦስት። በሦስተኛው ነው አንድ የሚበልጠኝ ሰው እየሳቀ የነገረኝ፦ ሦስቱም አንድ ናቸው። ተጠቅልሎ የጠበበው ክብ ይቀድማል፣ አንድ ክሩ ተሰንጥቆ የላላው ክብ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ይቀራል፣ ተበጥሶ የተዘረጋው መሐል ይገባል። ርዝመታቸው ግን አንድ ነው። ላደሩ የተሠራው ከተዘረጋ ዲኤንኤ ስለሆነ ለክቡ የሚሰጠው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ፕሮቲን ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ቻርጁ እንደየፕሮቲኑ ይለያያል፣ ቅርጹም እንዲሁ። ኦሊቨር ስሚዚስ እ.ኤ.አ. በ1955 የስታርች ጄልን ያስተዋወቀው ልጅ ሳለ እናቱ ልብስ ድርቅ ብሎ እንዲቆም የምትነክርበት ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ ትዝ ብሎት ነው። ከዚያ በፊት በደም ውስጥ ጥቂት ጅምላ ቡድኖች ብቻ ይታዩ ነበር፤ በስታርቹ ላይ ብዙ ፕሮቲኖች ተነጣጥለው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ኡልሪክ ላምሊ ያሳተመውና ዛሬም የምንገለገልበት ዘዴ ደግሞ ኤስዲኤስ የሚባል የሳሙና ዓይነት ኬሚካል ይጠቀማል። ኬሚካሉ ፕሮቲኑን ይዘረጋውና ላዩን በኔጌቲቭ ቻርጅ ይሸፍነዋል፤ ያኔ የሚቀረው ልዩነት በአመዛኙ መጠን ነው። በአመዛኙ ያልኩት አውቄ ነው፤ ፒ53ን ያሳሳተው ይኸው ዘዴ ነውና።

ደግሞም ኤስዲኤስ የሚያጠፋው ነገር አለ። ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 የሲክል ሴል (የሚወረስ የደም በሽታ) በሽተኞች ሄሞግሎቢን ከጤነኛው የተለየ መሆኑን ያሳዩት ያለ ጄል በተደረገ ኤሌክትሮፎሬሲስ (ሞለኪውሎችን በኮረንቲ የመለየት ዘዴ) ነው። ክብደቱ ያው ለማለት ይቻላል፤ የተለየው ቻርጁ ነበር። ያንን ደም በኤስዲኤስ አፍልተው ቢያስኬዱት ልዩነቱ ይሰወርባቸው ነበር። ጄል የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ጥያቄው ያለው ደግሞ ባፈሩ ውስጥ ነው።

ታዲያ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ጽሑፍ ሲታተም ከጄሉ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ተቆርጣ፣ ጎኗ ላይ አንድ ቁጥር ተለጥፎባት መቅረብ የለባትም። ሙሉ ጄሉ ይውጣ፤ ናሙናው ከሚጨመርበት ጉድጓዱ ጋር፣ ከነላደሩ፣ ከነማይፈለጉት ባንዶቹ። የአጋሮዙ መቶኛ፣ ባፈሩና ቮልቴጁም ይጻፉ። ኤልዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 20,621 ጽሑፎችን በዓይን መርምረው 3.8 በመቶ ያህሉ ላይ አጠራጣሪ የተደገመ ምስል አግኝተዋል። ሁሉም ማጭበርበር ነው አላሉም። ቁራጭ ምስል ግን ስህተትንም ማጭበርበርንም እኩል ይደብቃል።

«ለዕለት ሥራ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ፒሲአሩ (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራው) ሠርቷል አልሠራም ለማለት ብቻ ከሆነ እስማማለሁ፤ አንድ እይታ ይበቃል። ማንነቱን እናውቃለን ካልን ግን ዲኤንኤውን በኢንዛይም ቆርጠን ቁርጥራጮቹ እንደተጠበቀው መውጣታቸውን እንይ፣ ወይም ቅደም ተከተሉን እናስነብብ፤ ፕሮቲን ከሆነም በፀረ አካል እንፈትነው።

የተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ደብተር ሳርም አሁን አንድ ሐረግ ላይ ነው የምጨቀጭቀው። «3 ሺህ ነው» የሚለውን እሰርዝና ከላዩ «ከ3 ሺዋ መስመር ትይዩ ቆሟል» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይስቁብኛል።