ትንሽ ጨምሪበት

ድሬዳዋ ላይ በሦስት ነገር ምሳ መሥራት ቀላል ነው፤ ጭንቁ አራተኛውን ይዞ የሚመጣውን ሰው መመለስ ነው። ድስቱ ገና ሳይንተከተክ አንዱ ከበር ላይ ሆኖ «ነጭ ሽንኩርት የለውም እንዴ?» ይላል። ጎረቤት ክዳኑን ከፍታ፣ አሽትታ፣ «አቦ፣ ትንሽ ኮረሪማ ጨምሪበት» ትላለች። ሦስተኛው ምንም አይናገርም፤ የታሸገ የሾርባ ቅመም ከኪሱ አውጥቶ ዝም ብሎ ይበትንበታል። አደገኛው ይሄኛው ነው።

ለነገሩ መጨመር የከተማዋ ጠባይ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስና ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ከየመንም ከግሪክም ከሕንድም የመጣው ሁሉ በየተራው አንድ ነገር ድስቱ ውስጥ ጣል አድርጓል። አንቱታም ብዙ አይወደድም። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ ስትሠራ የኖረችን ሴት «አንቺ፣ ጨው አነሰው እኮ» ብሎ ያርማታል። እሷም አትቆጣም፤ ጨው ትጨምራለች።

አሁን አሁን ደግሞ ቪጋን የሚባል እንግዳ መጥቷል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «እኔ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልነካም» ሲል ቤቱ ይታመሳል፤ ምን እናብላው ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባውን የምትመራው እናት በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከዚያም የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትን፣ በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብን እየጨመረች የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋና ያለ ወተት የምታሳልፍ ሴት ናት። ለእሷ «ምን እናብላት» ብሎ የተጨነቀ ሰው የለም። እንዲያውም ለዘመድየው የሚቀርበው እሷ ትናንት የበላችው ነው፤ ልዩነቱ ሳህኑ ብቻ ነው፤ የእሱ ከቁም ሳጥን የወጣ ነው።

ወደ ፉል እንግባ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ፉል ቤት ገብቶ «ኖርማል» ብሎ ማዘዝ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። አስተናጋጁ መጀመሪያ ከእግር እስከ ራስ ያያል፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ እንዲሰማ ወደ ጓዳ «አንድ ኖርማል!» ብሎ ይጮኻል። «ስፔሻል» የሚባለው እንቁላል፣ እርጎ፣ አቮካዶ፣ አንዳንዴም ሥጋ የተከመረበት ነው፤ ባቄላው ጋ ለመድረስ ቁፋሮ ያስፈልጋል። ተመጋቢው ቁፋሮውን ጨርሶ «የዛሬው ፉል አሪፍ ነው» ይላል። ፉሉን ገና አልቀመሰውም።

ቤት ውስጥ ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ይበቃል። ባቄላው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ እጥፍ ሦስት በሚሆን ውሃ ማታ ይነከራል። ደጋ ላይ 12 ሰዓት ቢቆይ ግድ የለም። ድሬ ላይ ግን በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት 8 ሰዓት በቂው ነው፤ ከዚያ ካለፈ ውሃው አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ሌሊት አንድ ጊዜ የሚነሳ ሰው ካለ ውሃውን ይቀይረው፤ ለዚህ ሥራ አያት ተመራጭ ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ የውሃው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ አዲስ አበባ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። በዚህ ሒሳብ ባቄላ ድሬ ላይ ቶሎ መብሰል ነበረበት። ዳሩ ግን ውሃው ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ኖራ የባቄላውን ሥጋ አጣብቆ የያዘውን ነገር ያጠነክረዋልና ባቄላው ሦስት ሰዓት ተቀቅሎም ጥርስ ይገፋል። መፍትሔው ውሃውን ቀድሞ 10 ደቂቃ ማፍላት፣ ማቀዝቀዝ፣ ዝቃጩን ሳያንቀሳቅሱ ከላይ ከላዩ መቅዳት ነው። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምር። ሩብ ነው የተባለው። ሙሉ ማንኪያ የጨመረ ሰው ፉሉ ሳሙና ሳሙና ሲለው ባለሱቁን ይሳደባል። ሶዳ የለም ብሎ ቤኪንግ ፓውደር የጨመረም አለ፤ እሱ ውስጥ አሲድ አብሮ ስላለ የሶዳውን ኃይል ይበላዋል፤ ባቄላውም ባለበት ይቀጥላል። አንዳንዴ ጥፋቱ የውሃው ላይሆንም ይችላል። በሙቅ መጋዘን ከዓመት በላይ የከረመ ባቄላ ምንም ቢደረግ አይለሰልስም። ቀፊራ ገበያ ሲገዛ ጥቁር ቡናማ የሆነውን ትቶ ፈካ ያለውን መምረጥ ነው፤ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይላል፤ ይበል።

ውሃው ከባቄላው አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ተጠብቆ፣ በዝግታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይበስላል። ውሃ ካነሰ የሚጨመረው የፈላ ነው፤ ቀዝቃዛ ከተጨመረ መፍላቱ ይቆምና ከሰሉ በከንቱ ያልቃል። ጨማሪዎቹ የሚመጡትም በዚህ ሰዓት ነው። «ቲማቲሙ አብሮ ቢበስል አይሻልም?» አይሻልም። ቲማቲምም ሎሚም ኮምጣጣ ናቸው፤ ባቄላው ሳይለሰልስ ከገቡ ያደርቁታል። ሁለት ጣት መሐል ሲያዝ የሚፈርጥ ከሆነ በስሏል። ያን ጊዜ ጨው ገብቶ ግማሹ ብቻ ይደቆሳል። ሁሉንም የደቆሰ ሰው የሕፃን ምግብ ነው የሠራው። ከላዩ በደቃቁ የተከተፈ 1 ሽንኩርት፣ 2 ቲማቲም፣ 2 ቃሪያ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ። ትኩስ ዳቦ። አበቃ፤ እንቁላሉ ወደ ዶሮዋ ይመለስ።

ሽሮ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ያጓጉላል። ዱቄቱ በፈላ ውሃ ላይ ከተበተነ ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ጉጉል ማለት ይኸው ነው። አንድ ኩባያ ሽሮ መጀመሪያ በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥ፤ ከዚያ ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለበት ሁለት ተኩል ኩባያ የፈላ ውሃ ጋር እየተማሰለ ይቀላቀል፤ 20 ደቂቃ በቀስታ። «እኔ በሦስት ነገር ብቻ ነው የምሠራው፤ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት» እያለ የሚኩራራ ወንደላጤ በየሰፈሩ አለ። ዱቄቱ ውስጥ አተሩን ወይም ሽምብራውን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ በፌስታል ቋጥራ የላከችው እናቱ ናት። እሷን ከሒሳቡ አውጥቷት ነው ሦስት የሆነለት።

ለድሬ ሙቀት የተፈጠረ ምግብ ካለ አዚፋ ነው፤ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ጨጓራ ላይ አይከብድም። አንድ ኩባያ ድፍን ምስር በሦስት ኩባያ ውሃ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ተቀቅሎ ይጠለላል፤ ሞቅ እንዳለ በእንጨት ማንኪያ ከፊሉ ይደቆሳል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይተዋል። ቁልፉ ሰናፍጩ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ዱቄቱ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ነው የሚፈጠረው። ሙቅ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ገና ሳይወለድ ይገድለዋል፤ የሚተርፈው መራራነቱ ብቻ ነው። ሎሚም ቀድሞ ከገባ ሥራውን ያዘገየዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ሎሚ፣ በመጨረሻ ምስሩ፣ 1 ቃሪያ፣ ትንሽ ሽንኩርት፣ 2 ማንኪያ ዘይትና ጨው። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሰው ቀምሶ «ሰናፍጩ ሞቷል፣ ሌላ ማንኪያ ጨምሪ» ማለቱ አይቀርም። ከታመነ ማታ ቤተሰቡ እያለቀሰ ይበላል።

አዚፋ ጨዋ ምግብ ነው፤ ችግሩ ሳህን ላይ ተደርጎ ወደ ጎረቤት ሲሄድ ነው። እንደሚታወቀው የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገጣጠሙ ጊዜ የድሬ ሳህኖች ዕረፍት አልነበራቸውም። ለአፍጥር የተሠራ ሳምቡሳ «ለእናንተ ብዬ በምስር ነው የሠራሁት» ከሚል ቃል ጋር አጥር ይሻገራል። ተቀባይዋ የራሷን አዚፋ አይታ ታፍራለች፤ ምስር በምስር እንዴት ይመለሳል? ስለዚህ ድንች ቀይ ወጥ ትሠራለች። ያ ሳህን በማግስቱ በሩዝና በሙዝ ተሞልቶ ይመለሳል። እሷ አትክልት በካሮት፣ ያቺኛዋ ማንጎና ፓፓያ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱም ሴቶች ደክመዋል፣ ሁለቱም ባሎች ወፍረዋል፤ ጾሙ ግን በሥርዓቱ እየተጾመ ነው። ሳህኑን ለመስበር ያሰበች ሳትኖር አትቀርም።

ለቲማቲም ፍትፍት አንድ ነገር ብቻ፦ እንጀራው መጨረሻ ነው የሚገባው። ቲማቲሙ ተከትፎ በጨው 10 ደቂቃ ሲቆይ ውሃውን ይተፋል፤ ዘይቱና ሎሚው እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ የትናንት እንጀራ ይፈተፈታል። የዛሬ እንጀራ ወዲያው ይላቁጣል። ተልባም እንዲሁ በቀላሉ ያስቀይማል፤ ዘይት ስላለው ተፈጭቶ በድሬ ሙቀት ከርሞ ከተገኘ ይበላሻል፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ አስፈጭቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ነው። የማቀዝቀዣውን በር በየደቂቃው የሚከፍት ልጅ በሁሉም ቤት አለ፤ ለእሱ መድኃኒት አልተገኘም።

ሐረሮች ሁልበት የሚሉትን አብሽ ያልሞከረ ግን ብዙ ቀርቶበታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ በሁለት ኩባያ ውሃ ተነክሮ ያድራል። ጠዋት ዱቄቱ አብጦ ወደ ታች ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ቢጫ ውሃ ምሬቱን ይዟልና ቀስ ተብሎ ይደፋል። «ለስኳር ጥሩ ነው፣ አይደፋም!» የሚል ሰው ይኖራል፤ ውሃውን በብርጭቆ አድርጎ ለራሱ መስጠት ነው። የቀረው ለጥ ያለ ሊጥ በሹካ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመታል። መጀመሪያ ይጎተታል፣ ይዝለገለጋል፣ ተስፋ ያስቆርጣል። አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ አየር መያዝ ይጀምርና ቢጫው እየነጣ ይነፋል፤ ሹካው ሲነሳ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል። ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ከላዩ አንድ ማንኪያ ብስባስ፣ ማለትም የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ። ከዳቦ ጋር ወዲያው ይቀርባል።

ጨማሪው ይሄንንም አይምርም። ከነውሃው የተፈጨ ቲማቲም ይዞ መጥቶ «ቀለም ይስጠው» ብሎ ይገለብጥበታል፤ ያ ሁሉ አረፋ ወዲያው ይቀመጣል፣ ቀጥኖ ሾርባ ይሆናል። ለዚህ ግን መላ አለው፤ እዚህ ላይ እውነትም መጨመር ያስፈልጋል፦ አንድ ማንኪያ የራሰ አብሽ ተጨምሮበት ሌላ 10 ደቂቃ ይመታል። ሹካውን ለእሱ ስጡትና እናንተ ዳቦውን ቁረሱ።