ማስተካከያ፦ ቪጂኤም የቡናው የተጣራ ክብደት አይደለም

በአዲስ አበባ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ቢሮ ላላቸው ቡና ላኪዎች ቀደም ሲል በተሰራጨው መረጃ፣ ለመርከብ ድርጅቱ የሚገለጸው የተረጋገጠ ጠቅላላ የኮንቴይነር ክብደት (ቪጂኤም) «በፓኪንግ ሊስቱ (በጭነቱ ዝርዝር ሰነድ) ላይ ያለው የተጣራ ክብደት ነው» የተባለው በዚህ ይታረም።

ከሰኔ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ደንብ የሚጠይቀው ጭነቱ፣ ማሸጊያው፣ መደገፊያውና ባዶው ኮንቴይነር አንድ ላይ የሚመዝኑትን ነው። ለምሳሌ በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የገቡ 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያዎች የተጣራ ክብደታቸው 19,200 ኪሎ ነው። ባዶ ጆንያው 1 ኪሎ ቢመዝን 320፣ የውስጥ ወረቀቱና እርጥበት መጣጩ 30፣ በኮንቴይነሩ በር ላይ የተጻፈው የባዶ ክብደት ደግሞ 2,230 ቢሆን ድምሩ 21,780 ይመጣል። የባዶውን ክብደት ከራሱ ከበሩ ላይ አንብቡ፤ ከኮንቴይነር ኮንቴይነር ይለያያል፣ ካለፈው ጭነት ሰነድ መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው።

ጭነቱን የያዘውን ኮንቴይነር ከነመኪናው በተሽከርካሪ ሚዛን የሚያስመዝን ደግሞ የመኪናውን፣ የተሳቢውንና የነዳጁን ክብደት ይቀንስ። ነዳጁ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቪጂኤም ያልቀረበለት ኮንቴይነር ጂቡቲ ቢደርስም መርከብ ላይ አይጫንም፤ የማቆያ ክፍያውም በላኪው ላይ ሊቆጠር ይችላል። ትራንዚተሩ (የላኪውን የጭነት ሰነዶች የሚያስፈጽመው ወኪል) ሰነዱን ቢልክም በቢል ኦፍ ሎዲንጉ (በመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ በላኪነት የተመዘገበው ድርጅት ነው ተጠያቂው።