ሰዋስው ከወተት ጥርስ ጋር

ደሴ ላይ ልጅን አስመስግኖ ማሳደግ ድሮ ዓመታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አቦሉ ሲቀዳ የኬጂ ሁለቱ ጎበዝ ከነዩኒፎርሙ መሀል ቤት ይቆምና፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ «ኤ ናውን ኢዝ ኤ ኔም ኦፍ ኤ ፐርሰን፣ ኤ ፕሌስ ኦር ኤ ቲንግ!» ይላል። አንዷ ጎረቤት «ማሻ አላህ!» ትላለች፤ ሌላዋ «ከዓይን ያውጣልሽ!»። በረካው እስኪደርስ ፕሮናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ እያለ ስምንቱንም የንግግር ክፍሎች ይዘልቃቸዋል። መሀል ላይ ጉሮሮው ቢደርቅ «እማ፣ ውሃ!» ይላል በአማርኛ፤ ውሃ መጠየቅ ከስምንቱ ውስጥ የለማ።

ለዚህ ክብር ያበቁንን መዋዕለ ሕፃናት ማመስገን ይገባል። አሠራራቸው እንከን የለውም። መምህርቷ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ልጆቹ ገና ማንበብ ስላልጀመሩ በዜማ ትመራቸዋለች፤ እነሱም እየጮኹ ይቀበሏታል፤ ከዚያ ደብተራቸው ላይ ቅርጹን ይገለብጡታል። ፈተና ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል፣ ያው መልስ ይሰጣል፣ መቶ ከመቶ። የሚሳሳት የለም፤ ለመሳሳት እኮ የራስን ዓረፍተ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ነው ያስጀመረው። እኛ ሰዋስውን ጨርሰን ቋንቋውን በር ላይ እንጠብቀዋለን።

የወሎ ሊቃውንት ግን ዘገምተኞች ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ነው ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ የሚያወርደው። ደረሳውም ቁርአኑን ሳያኸትም ነሕው፣ የዓረብኛውን ሰዋስው፣ አይነካም። በሁለቱም ወገን መጀመሪያ ቋንቋው አፍና ጆሮ ይሞላል፣ መተንተኑ ኋላ ይመጣል። ምን ያህል ጊዜ ባከነ!

የትርጉሞቹም ጥራት ያስቀናል። «ኤ ቨርብ ኢዝ አን አክሽን ወርድ» ይባላል። እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ቨርብ «ኢዝ» ነው፤ ምን ድርጊት እንደሚፈጽም የጠየቀ ሕፃን እስካሁን አልተገኘም፣ ቢገኝም ይቀመጣል። «ዋተር» ኩባያ ውስጥ ናውን ነው፤ «ዋተር ዘ ፍላወርስ» ሲባል ቨርብ ይሆናል። የቃሉን ዓይነት የሚወስነው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ቦታ ነው ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር ደግሞ በዓመቱ ዕቅድ አልተያዘም።

አንዳንድ የማያድጉ መምህራን ግን አሉ። ኩባያ፣ ኳስ፣ ቅጠል፣ ድንጋይና እርሳስ ይዘው ይገባሉ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአምስት ስድስት ቃል አይበልጡም። «ታች ዘ ካፕ»፣ «ጊቭ ሚ ዘ ቦል» እያሉ ያዛሉ፤ ልጁ ሰምቶ ይፈጽማል፣ መናገሩን ሲደርስበት ይናገራል። ቀጥሎ ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ያስለያሉ፦ «አይ ሲ ኤ…» ከሚለው ኋላ የሚገቡት አንድ ክምር፣ «አይ ካን…» ከሚለው ኋላ የሚገቡት፣ ራን፣ ጃምፕ፣ ኢት፣ ሌላ ክምር። ሁለቱ ሲደላደሉ «ኤ ሬድ ቦል» ብለው ሦስተኛ ይጨምራሉ። እዚህ ላይ አማርኛም ቀዩን ከኳሱ ስለሚያስቀድም ልጁ አይደናገርም። ናውን የሚለው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ታዲያ ወላጅ ለእንግዳ ምን ያሰማ? «ጊቭ ሚ ዋተር»? ይሄንንማ ማንም ይለዋል።

ይባስ ብሎ ስህተት ይወዳሉ። ልጁ «አይ ብሬድ ኢት» ቢል የአማርኛ ግስ መጨረሻ ስለሚቀመጥ ነው ይላሉ። «ፋይቭ ቡክ» ቢል «አምስት መጽሐፍ» በእኛ ዘንድ ትክክል ስለሆነ። «ኢዝ ቲቸር» ቢል ባለቤቱ ግሳችን ውስጥ ስለሚሸሸግ። በባጃጅ፣ በማንኪያ፣ በኮምቦልቻ እያልን አንዷን «በ» ለሁሉ ስለምናሠራትም ባይ፣ ዊዝና ኢን ይምታቱበታል። ታዲያ አይቆጡም፣ ትርጉም አያስወርዱም፤ «የስ፣ ፋይቭ ቡክስ» ብለው አቃንተው ይመልሱለትና ያልፋሉ። «ዌንት» ማለት ሲገባው «ጎድ» ያለውንማ ሊስሙት ይደርሳሉ፤ ያለፈ ጊዜ ግስ መጨረሻው ላይ «ድ» የሚጨመርበትን ደንብ ማንም ሳይነግረው አገኘው፣ የእንግሊዞቹም ሕፃናት እንዲህ ይላሉ ብለው። የእኛዎቹ ተመስገን «ጎድ» ብለው አያውቁም። የትም ሲሄዱ በአማርኛ ነው።

አሁን የቀረን አክቲቭና ፓሲቭ ቮይስ ነው። ፓሲቭ ማለት ድርጊቱ ተነግሮ አድራጊው የሚሰወርበት አነጋገር ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። አይከብድም፤ ማስተማሪያው እኮ በየዓመቱ ታትሞ በልጁ ቦርሳ ወደ ቤት ይላካል፦ «ወርሃዊ ክፍያ ተጨምሯል።»