አጎበሩ ቤት ነው፣ ሰውየው ቡና ማሳ ውስጥ

ባለፈው ኅዳር እዚህ ጅማ የእህቴ ልጅ ታመመ። ቡና ለቀማ ሰንብቶ ከገጠር እንደተመለሰ ነው። ማታ ማታ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጠዋት ላይ ይሻለዋል። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጣ። በማግስቱ «ብርድ ነው» አልንና ጋቢ ደረብንለት። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ከጣቱ ደም ወሰዱ። ወባ።

ዳነ፣ ተመስገን። ሦስቱ ቀናት ግን እስካሁን ይቆጩኛል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ሕክምና ካላገኘ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ባንድ ቀን ውስጥ ሰውን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን እኔ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዘገየን? እናቴ አንዲት ነገር ስለተናገረች ነው። «የነበረበት ቦታ ደጋ አይደል እንዴ? ወባ እዚያ ከየት ይመጣል?» አለች። ሁላችንም ልክ ነሽ አልናት።

እናቴን አልወቅስም። በእሷ ልጅነት ወባ ማለት ጊቤ በረሃ ወርዶ የሚይዝ በሽታ ነው። ሰው ታሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቆላ ወርደህ ነበር?» ተብሎ ነበር። ያ ጥያቄ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ዛሬ ግን ያው ጥያቄ የእህቴን ልጅ ሦስት ቀን አስተኛው። ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ጤና ለሕዝብ ማስተማር ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። ሕዝቡ ባዶ ጭንቅላት ይዞ የተቀመጠ አይደለም። ብዙ ያውቃል። ችግሩ ያ እውቀት የተሠራው ለሌላ አየር መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ሊጥ በብርድ ጊዜ ቶሎ እንደማይቦካ እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቃል። ሲሞቅ ግን ባንድ አዳር ይደርሳል። ወባም እንደዚያው ነው። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ተውሳኩን ትወስዳለች፣ ግን ወዲያው ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ ተራብቶ መብሰል አለበት። አየሩ 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይህ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አብዛኛዋ ትንኝ ደግሞ ያን ያህል አትኖርም። ተውሳኩን እንደያዘች ትሞታለች። 25 ዲግሪ ሲደርስ ግን 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ከ16 ዲግሪ በታች ከወረደ ፋልሲፓረም ጭራሹን አያድግም። ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ይህ ብርድ ነው እንጂ አጥር አልነበረም። ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲጨመር ጥበቃው ይላላል።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባሉት የፈረንጆች ዓመታት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ለሊጡ ግን ትንሽ አይደለም። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ አንድ ጥናት በአገራችንና በኮሎምቢያ ከፍታዎች የብዙ ዓመት የወባ መዝገብ አይቶ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ደጋው ከዚህ በፊትም ተመቶ ያውቃል። በፈረንጆቹ 1958 ከባድ ዝናብና ያልተለመደ ሙቀት ተገጣጥመው ወረርሽኝ ተነሣ። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ብዙው ጉዳት የደረሰው ወባ ባልለመዱ ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ነበር። ሰውነታቸው አያውቀውም፣ ልባቸውም አልጠረጠረም።

ጅማ ከተማ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋም አይደለች ቆላም። ወባ ለከተማዋ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከጎረቤት ዴዶ ወረዳ በኩል ያሉት ከፍታዎች ግን «እኛ ጋ የለም» እያሉ የኖሩ ናቸው። በሌላ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በአሰንዳቦና በሰኮሩ አካባቢ ግልገል ጊቤ ግድብ ተኝቷል። መብራት ማመንጨት ከጀመረ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከግድቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይበልጥ ለወባ እንደሚጋለጡ አሳይተዋል። እንግዲህ ውሃ ተጠራቅሟል፣ ሙቀትም ተጨምሯል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መነገር አለበት። ወባ የበዛው በአየር ለውጥ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ኦሮሚያ ከባድ ድርሻ ከያዙት ክልሎች አንዱ ነው። ከዚህ ጀርባ ግጭት አለ፣ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ያልደረሰበት ቀበሌ አለ፣ ኬሚካል የለመደች ትንኝ አለች። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ መጀመሪያ በቀብሪ ደሃር የታየችውና ኋላ ድሬዳዋን ያስጨነቀችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝም አለች። እሷ ከረግረግ ይልቅ ሮቶና በርሜል ትወዳለች። ዝናብ ባይኖርም ትባዛለች። ሁሉንም በአየር ንብረት ለውጥ ካሳበብን ሰው አያምነንም። ባያምነንም እውነት አለው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ባነር ይሰቀላል። ፓወርፖይንት ይከፈታል። «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር ማኅበረሰብ መገንባት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይነበባል። የበረዶ ግግር ሲቀልጥ የሚያሳይ ፎቶ ይመጣል። ከዚያ ሻይ እረፍት። ከዚያ «ችግኝ እንትከል» ተብሎ ይዘጋል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አገሩ ሁሉ በየክረምቱ ሲተክል ቆይቷል፣ ቡናችንም ያለ ጥላ ዛፍ ቡና አይሆንም። ግን አንዲት እናት ከዚያ አዳራሽ ስትወጣ ልጇ ማታ ቢያተኩሰው ምን እንደምታደርግ ካላወቀች ምን ተማረች?

አንዴ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ዝናቡ አሁን በኅዳርም ይዘንባል። አጎበሩን እስከ መቼ ነው የምንዘረጋው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ተብለው ታለፉ። እኔ ግን የዚያ ቀን ዋናው ትምህርት እሳቸው ዘንድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥያቄያቸው ውስጥ አየሩም፣ ጤናውም፣ የጊዜው መዛባትም ነበር።

እስቲ የእኛን ወቅት እንይ። ትልቁ የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ቡና የሚለቀመውስ መቼ ነው? ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ፣ በሰቃ ስንት ሰው በዚያ ወቅት ከቤቱ ውጭ እንደሚያድር የጅማ ሰው ያውቀዋል። የበሰለ ቡና እንዳይሰረቅ ጎጆ ቀልሶ የሚጠብቅ አለ። በቆሎውን ከአሳማና ከዝንጀሮ ለማዳን ማማ ላይ የሚያድር አለ። ከሌላ ቦታ ለለቀማ መጥቶ ሸራ ሥር የሚተኛ ወጣት አለ። ለእነዚህ ሰዎች «አጎበር ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። አጎበሩ ቤት ነው፣ አልጋው ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ቡና ማሳ ውስጥ ነው። ለሌሊት ጥበቃና ለለቀማ የሚወጣ ሰው ሁለተኛ አጎበር እንዲይዝ፣ ካልሆነም ወፍራምና እጀ ረጅም ልብስ እንዲለብስ፣ ትኩሳት ሲሰማው «ለቀማው ይለቅ» ብሎ እንዳይቆይ ማስተማር ይቻላል። ማስተማሪያው ቦታም ሩቅ አይደለም። ገበሬው ቀይ ቡና የሚያስረክብበት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ጋ ተሰልፎ ይቆማል። እዚያ አምስት ደቂቃ መናገር ከአዳራሽ ሙሉ ቀን ይበልጣል።

ቡናው ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በፈረንጆቹ 2017 በታተመ ጥናት ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ፣ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለቡና አይመችም ተብሏል። ሰው ይህን የኢኮኖሚ ወሬ ያደርገዋል። እኔ የጤና ወሬ ነው እላለሁ። እዚህ የልጅ ጫማ፣ የወላድ አጥሚት፣ የጤና መድን መዋጮ ሁሉ ከቡና ብር ነው የሚወጣው። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያለ ጊዜው ዝናብ ሲመታው ሻጋታ ይይዘዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ያን ዓመት ቤት ውስጥ የሚበላው ያንሳል። ልጅ ሲታመም «እስቲ ትንሽ እንየው» ይባላል። ሕመም እንዲህም ይገባል፣ ትንኝ ሳትነክስ።

ታዲያ ማን ያስተምር? አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። የየቤቱን ጓዳ ያውቃሉ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለክረምት፣ ለበጋና ለበልግ ትንበያ ያወጣል። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። «በምዕራብ ኦሮሚያ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ዜና ለገበሬው ስለ ዘር ይነግረዋል። ስለ ልጁ ግን አይነግረውም። ያው ዜና «ዘንድሮ ዝናቡ ስለሚቆይ አጎበሩን እስከ ጥር አታውርዱ፣ የምንጭ ውሃ ሲደፈርስ አፍሉ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ ጨምሩበት» ተብሎ በኤፍኤም ሬዲዮ ቢነገር ያኔ ትምህርት ይሆናል። የእነዚያ አዛውንት ጥያቄም መልስ ያገኛል።

ጅማ ደግሞ ሌላው ከተማ የሌለው ሀብት አላት። ዩኒቨርሲቲያችን በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የጤናውን ተቋምና የግብርና ኮሌጁን አንድ አድርጎ ነው። መርሁም «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ለተግባር ትምህርት ወደ ቀበሌ ይወጣሉ፣ መጠይቅ ይዘው ቤት ያንኳኳሉ። ብዙ ቤት በራችንን ከፍተን መልሰናል። ውጤቱ ግን ተመልሶ ወደ መንደሩ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የግብርናው ተማሪና የጤናው ተማሪ አብረው ወጥተው፣ አንዱ ስለ ቡናው ሌላው ስለ ትኩሳቱ በአንድ ቤት ቡና ላይ ቢያወሩ እንዴት ባማረ! መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብ ነው።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፣ የከተማው ብዙ ሰው ይግባባበታል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን ወባ «ቡሳ» ነው። ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ያውም በገበሬው አነጋገር እንጂ ከመጽሐፍ በተተረጎመ ቃል ካልሆነ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚናገር ኢማም፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚናገር ካህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ያህል ሰው እንደሚደርሱ አስቡት።

አደራ፣ ስናስተምር ሰውን አንወንጅል። አፍሪካ በሙሉ ወደ አየር ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ያላት ድርሻ አራት በመቶ ገደማ ነው። የዴዶ ገበሬን የምድጃው ጢስ አስሎት ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል፣ ምርጥ ምድጃ ቢያገኝ ለራሱና ለሚስቱ ሳንባ ይጠቅመዋል። ምድርን ያሞቀው ግን እሱ አይደለም። ይህንንም የማወቅ መብት አለው። በፈረንጆቹ 2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እዚያ ስለ እኛ ሲወራ፣ በኅዳር ዝናብ ስለተበላሸው ቡናና ማሳ ላይ ታሞ ስለተመለሰው ልጅ የሚናገር ሰው ከዚህ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮም ለለቀማ ሊወጣ ነው። እናቴ ከሳጥኗ አንድ አጎበር አውጥታ አጥፋ ከጆንያው ሥር አድርጋለታለች። «ደጋ ነው አትበለኝ፣ ስቀለው» አለችው።