ኦኽተራርደር «አንፈልግም» ስትል

የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የምትሸጣቸውን ሕንፃዎች በይፋ እያስተዋወቀች ለገበያ ታቀርባለች። አንዱ የደወል ግንብ ያለው ነው፤ ሌላው በመቃብር ስፍራ የተከበበ ነው። ገዢው መኖሪያ ቤት ሊያደርገው ይችላል፤ ከቀናውም ሆቴል። በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የነበሩት አባላቷ በ2023 ከ260,000 በታች ወርደዋል። በዚህ ቁጥር ያን ሁሉ ጣሪያ መጠገን እንደማይቻል የሚክድ ጤነኛ ሰው አይኖርም። በየመንደሩ የሚሰማው ሐዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለድንጋዩና ለባለቀለም መስኮቱ ነው። እኔ ሐዘኑ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። ከድንጋዩ ጋር እየሄደ ያለ፣ ከድንጋዩ ይልቅ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ነገር አለ። እሱን ለማየት ፐርዝሻየር ውስጥ ያለች ኦኽተራርደር የምትባል አንዲት አጥቢያ ታሪክ ይበቃል።

ኦኽተራርደር አንድ ረጅም ጎዳና ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዛሬ ስሟን የሚያስጠራው አጠገቧ ያለው የግሌንኢግልስ ሆቴልና የጎልፍ ሜዳው ነው። በጥር 1716 የስቱዋርት ዘውድ ደጋፊዎች ሲያፈገፍጉ፣ የመንግሥት ጦር መጠለያ እንዳያገኝ ብለው ከአካባቢዋ መንደሮች ጋር አቃጥለዋታል። በዓመቱ፣ በ1717፣ በስሟ የሚጠራው ፕሬስቢተሪ (የአካባቢው አጥቢያዎች ሸንጎ) «ሰው ወደ ክርስቶስ ለመምጣት አስቀድሞ ኃጢአትን መተው አለበት ብሎ ማስተማር ትክክል አይደለም» የሚል አንቀጽ ለዕጩ ሰባኪዎች አቅርቦ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ ተወግዟል። ይህ ራሱን የቻለ ረጅም ክርክር ነውና እዚህ አልገባበትም። ብቻ ጸጥ ያለች ስፍራ አልነበረችም።

የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የላትም። አጥቢያውን መጋቢውና ሽማግሌዎቹ በጋራ ይመሩታል፤ ከእነሱ በላይ ፕሬስቢተሪው አለ፤ ከዚያም በላይ በየዓመቱ በግንቦት ኤዲንብራ ላይ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ። ሥርዓቱ ከታች ወደ ላይ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር በተዋሐደች በአምስተኛው ዓመት፣ በ1712፣ የለንደኑ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ፤ የአጥቢያውን መጋቢ የማቅረብ መብት ለባላባቱ መለሰለት። ባላባቱ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የማይጸልይ፣ አልፎ አልፎም የሌላ እምነት ተከታይ ሊሆን ይችላል። መሬቱ የእሱ ስለሆነ መጋቢውን የሚያቀርበው እሱ ነው። ምእመናኑ የሚቀርላቸው «ና» የሚለውን የጥሪ ወረቀት መፈረም ብቻ ነበር።

በግንቦት 1834 ጠቅላላ ጉባኤው ይህን ቀንበር ለማላላት ሞከረ። ቅዱስ ቁርባን ከሚቀበሉት ወንድ የቤተሰብ ኃላፊዎች አብዛኞቹ ከተቃወሙ የባላባቱ ዕጩ ይወድቃል ሲል ደነገገ። በዚያው ዓመት ኦኽተራርደር መጋቢዋን በሞት አጣች። የአጥቢያዋ ባላባት የሆነው መስፍን፣ የኪኑል ኧርል፣ ሮበርት ያንግ የሚባል፣ የመስበክ ፈቃድ ያለው ግን ገና ያልተሾመ ወጣት ላከላት።

ያንግ መጣ፣ ሰበከ። የጥሪው ወረቀት ሲዘረጋ ከአጥቢያው የቤተሰብ ኃላፊዎች ሁለቱ ብቻ ፈረሙለት፤ ሦስተኛው ፊርማ የኧርሉ ወኪል ነው። በመዝገብ ከሰፈሩት 330 የቤተሰብ ኃላፊዎች መካከል 287ቱ «አንፈልግም» አሉ። ያንግ መናፍቅ ነው ያላቸው የለም፤ ሌባ ነውም አላሉም። ምክንያት እንዲሰጡ ደንቡ አያስገድዳቸውም ነበርና አልሰጡም። ይህ ብዙ የሕግ ሰዎችን አበሳጭቷል። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ 287 ሰዎች መካከል የኧርሉን መሬት እያረሰ የሚኖር፣ ኪራዩ ቢጨመርበት የሚሰደድ ስንት ነበር? (ሴቶቹ ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠሩም። በየእሑዱ ወንበሩን የሚሞሉት እነሱ ሆነው ሳለ ሕዝባዊ የተባለው ያ ደንብ የቤተሰብ ኃላፊ ሲል ወንድ ማለቱ ነበር።)

ፕሬስቢተሪው ደንቡን ተከትሎ ያንግን አልቀበልም አለ። ኧርሉና ያንግም ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1838 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 13 ዳኞች 8 ለ5 ተከፍለው ለኧርሉ ፈረዱ። ይግባኙ ያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው፣ ለንደን ወዳለው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1839ም ጸና። ከፈረዱት አንዱ ሎርድ ብሩም ነበር። ይህ ሰው የባሪያ ንግድን በመቃወም የታወቀ፣ ለብዙ ማሻሻያ የታገለ ሰው ነው። የምእመናኑን ድምፅ ግን በንጉሥ ዘውድ መጫን ሥርዓት ላይ አዳራሽ ገብቶ ከሚቆመው ፈረስ ጋር አነጻጸረው፦ ፈረሱ ቢራገጥም ንጉሡ ንጉሥ ከመሆን አይቀርም። በ1842 ደግሞ ያው ምክር ቤት ያንግን ለመፈተን እምቢ ያሉት የፕሬስቢተሪው አባላት ከኪሳቸው ካሳ መክፈል እንዳለባቸው ወሰነ። ኅሊናቸውን የተከተሉ የገጠር መጋቢዎች የባላባት ባለዕዳ ሆኑ ማለት ነው።

ነገሩ በኦኽተራርደር አላበቃም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቃ በምትገኘው ማርኖክ ከ300 የቤተሰብ ኃላፊዎች 261ዱ የተቃወሙት፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ብቻ የፈረመለት ሰው በጥር 1841 በግድ ተሾመ። ምድሩ በረዶ ለብሶ ነበር። ሕዝቡ ተቃውሞውን አስነበበ፤ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ከየወንበሩ አንሥቶ ወጣ። ሹመቱ የተፈጸመው ወሬ ለማየት በመጡ ሰዎች ፊት ነው።

ግንቦት 18 ቀን 1843 ኤዲንብራ ውስጥ በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ዴቪድ ዌልሽ ስብሰባውን በመክፈት ፈንታ የተቃውሞ ጽሑፍ አነበበ፤ ጽሑፉን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ ለንግሥቲቱ እንደራሴ እጅ ነሥቶ ወጣ። የተቃዋሚዎቹ መሪ ቶማስ ቻልመርስ ተከተለው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በሰልፍ ወደ ታንፊልድ አዳራሽ ወርደው የስኮትላንድ ነፃ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ከ1,200 ገደማ መጋቢዎች ከ450 በላይ የሚሆኑት ደመወዛቸውን፣ ቤታቸውንና የእርሻ ቦታቸውን በአንድ ፊርማ ለቀቁ። ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል ያን ጊዜ ገና አዲስ በነበረው ፎቶግራፍ እየተረዳ የሁሉንም ፊት ለመሳል ተነሣ፤ ሥዕሉ ያለቀው በ1866 ነው። ሮበርት ያንግ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦኽተራርደር ገብቶ የተመኘውን መድረክ ያዘ።

የ1843ቱን ሰዎች የማከብራቸው ስለ ወጡ ብቻ አይደለም። መውጣት ቀላል ነው፤ ከባዱ ማግስቱ ነው። ቻልመርስ ማግስቱን አስቀድሞ አስቦበት ነበር፦ ድሃው በሳምንት አንድ ፔኒ፣ ሀብታሙ እንደ አቅሙ ያዋጣል፤ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይገባል፤ ከቋቱ ለሁሉም መጋቢ እኩል ይከፈላል። የከተማው አጥቢያ የደጋውን አጥቢያ ይሸከማል። ቦታ የከለከሉ ባላባቶች ነበሩ። በምዕራቡ ጠረፍ ስትሮንሺያን ላይ ሰር ጄምስ ሪዴል አንዲት ክንድ መሬት አልሰጥም ሲል ሰዎቹ 1,400 ፓውንድ ገደማ አሰባስበው ከብረት የተሠራ ተንሳፋፊ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1846 ሎኽ ሱናርት በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ አቆሙት። መቶ ሰው በገባ ቁጥር አንድ ኢንች ይሰምጥ ነበር ይባላል፤ የሰባኪው ተወዳጅነት በውኃው ልክ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ቅዱሳን አድርጌ ግን አልሥላቸውም። ያን ሁሉ ለነፃነት የከፈሉት ሰዎች በአሜሪካ ደቡብ ካሉ ባሪያ አሳዳሪዎች መዋጮ ተቀበሉ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1846 በስኮትላንድ ከተሞች እየዞረ «ገንዘቡን መልሱ» ሲላቸው አልመለሱም። የራሳቸውን ቀንበር ለማየት የተሳላቸው ዓይን የሌላውን ሲያይ ደነዘዘ።

አሁን ስለ ሽያጩ የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ነፃ ቤተ ክርስቲያን በአምስት ዓመት ውስጥ 700 ያህል አብያተ ክርስቲያናት ሠራች። አንድ የነበረው አጥቢያ ሁለት ሆነ፤ ቀድሞ የተገነጠሉ ሌሎች ወገኖች ባሉበት ደግሞ ሦስት። በ1874 የባላባቱ መብት በሕግ ተሻረ፤ በ1929 አብዛኛው የተለየው ወገን ከእናት ቤተ ክርስቲያኑ ጋር ታረቀ። ሰዎቹ ታረቁ፤ ሕንፃዎቹ ግን በአንድ ጎዳና ላይ ትይዩ እንደተገተሩ ቀሩ። ዛሬ «ትርፍ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ የዚያ «አንፈልግም» ልጆች ናቸው። አያቶች የሠሩት ለውበት ሳይሆን መጋቢያቸውን ራሳቸው ለመምረጥ ነው። ስለዚህ ሕንፃው ቢሸጥ የተሠራበት ዓላማ አይፈርስም፤ መብቱ እስካለ ድረስ።

መብቱስ አለ? በወረቀት አለ። መጋቢ ያጣ አጥቢያ አስመራጭ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴው አንድ ሰው ያቀርባል፤ ሰውዬው ይሰብካል፤ ምእመናን፣ ሴቶችም ጭምር፣ በምስጢር ድምፅ ይወስናሉ። የ1834ቱ ሰዎች ቢያዩት ደስ በተሰኙ። ዳሩ ግን ፍለጋው የሚጀመረው ፕሬስቢተሪው ሲፈቅድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ በዕቅድ ይወሰናል። በ2021 ጠቅላላ ጉባኤው ፕሬስቢተሪዎች የመጋቢ ቦታዎችን እንዲቀንሱ፣ አጥቢያዎችን እንዲያዋሕዱ፣ ሕንፃዎችንም የሚቆዩና የሚለቀቁ ብለው እንዲመድቡ አዘዘ። አጥቢያው ይጠየቃል፣ ይሰማል፣ ይመከራል። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ግን እሱ አይደለም። መጋቢ የመምረጥ መብት ያለው፣ የሚመረጥ መጋቢ የሌለው አጥቢያ በዛ።

ፕሬስቢተሪውን ከኪኑል ኧርል ጋር ማመሳሰል ግፍ ነው። በፕሬስቢተሪው የተቀመጡት ከየአጥቢያው የመጡ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያሳድዳቸውም ጥቅም ሳይሆን የሂሳብ መዝገብ ነው። ያም ሆኖ «ሰማናችሁ» እና «ቆጠርናችሁ» አንድ አይደሉም። የጌቶች ምክር ቤትም የኦኽተራርደርን ሰዎች ሰምቷቸዋል።

እኔ ብጠየቅ እያንዳንዱ የሚዘጋ ወይም የሚዋሐድ አጥቢያ ሙሉ ሂሳቡ ፊቱ ተዘርግቶለት በምስጢር ድምፅ ይወስን እላለሁ፦ የጣሪያው ጥገና ይህን ያህል፣ የመጋቢው ደመወዝ ይህን ያህል። «አይዘጋም» ያለ አጥቢያ የሂሳቡን ድርሻ ይሸከም። ብዙዎቹ ቁጥሩን አይተው ራሳቸው ቁልፉን እንደሚያስረክቡ እገምታለሁ፤ የቀሩት ስትሮንሺያኖች ያደረጉትን ያደርጋሉ። «እንዲህ ከሆነ ሀብታሙ ሰፈር ይተርፋል፣ የድሃው ይዘጋል» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ ቻልመርስ ግን የጋራ ቋቱን ያቋቋመው ለዚህ ነበር። ዛሬም ቢሆን የስኮትላንድ አጥቢያዎች ለመጋቢዎች ደመወዝ ወደ ማዕከል እንደ አቅማቸው ያዋጣሉ። ቋቱ አለ፤ የጎደለው የድምፅ መስጫ ሣጥኑ ነው።